«ቤት እየዋልኩ ለቤቴ ጊዜ አጣሁ»፦ ለአንዲት ፍሪላንሰር እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ ነው። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ቢሮ ትቼ በፍሪላንስ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ቋሚ ደንበኞቼ ሦስት ናቸው። አንዱ ዋሽንግተን ያለ፣ የግብር ሰነድ የሚሠራ የሐበሻ ቢሮ ነው። አንዱ ዱባይ ነው፤ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ። ባለቤቴ ባንክ ይሠራል፤ ማታ 12፡30 ገደማ ይገባል። የ7 ዓመት ሴት ልጅና የ2 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ተመላላሽ ሠራተኛ አለችን፤ ከጠዋቱ 2 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ትቆያለች። ቀን ቀን ቤቱ አያሠራኝም። ስለዚህ ልጆቹ ሲተኙ ጀምሬ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እሠራለሁ። ቤት ስለምውል ሁሉም ሥራ የሌለኝ ይመስለዋል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ‹እማዬ፣ አንቺ ሁሌ ስልክ ላይ ነሽ› አለችኝ። ራሴን መግዛት አቅቶኛል መሰለኝ። ቀኑን በሰዓት በሰዓት የሚከፋፍል ጥሩ ፕሮግራም ብትሰጡኝ?»

ምላሽ፦ የጎደለዎት ፕሮግራም አይደለም። ራስን የመግዛት ችግርም የለብዎትም። ሁለት ልጅ አስተኝቶ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ብርታት አላነሰውም። ከጥያቄዎ የማየው ሌላ ነገር ነው። የሌለዎትን ሰዓት ለሦስት ደንበኛ ሸጠዋል፤ ጉድለቱን ደግሞ ከእንቅልፍዎ እየሞሉ ነው። በዚህ ላይ የቱንም ያህል ያማረ ፕሮግራም ብሰጥዎት በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር፤ ፕሮግራሙ ከቁጥሩ ይወጣል።

ባለቤትዎ ባንክ ሲገቡ ሰዓታቸውን የሚገድብላቸው ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍትም ይሰጣል። እርስዎ ግን የማንም ተቀጣሪ አይደሉም፤ ይህ ከለላ አይደርስዎትም። «በቃ፣ ዛሬ ሰዓቱ አልቋል» የሚልልዎት አለቃም ሆነ ሕግ የለም። ስለዚህ ጣሪያውን የሚያበጁት ራስዎ ነዎት። ቢሮ የለቀቁ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን የሚያስቡት ሰውነታቸው ሲደክም ነው።

እንቁጠር። ልጅዎ ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች። ሠራተኛዋ በ2 ሰዓት ትገባለች። ከ2፡30 እስከ 6፡00 ሦስት ሰዓት ተኩል አለ። ከዚያ ምሳ አለ፤ ትንሹን ማስተኛት አለ። ከ7፡30 እስከ 9፡00 እሱ ሲተኛ አንድ ሰዓት ተኩል ይገኛል። ይህ በቀን 5 ሰዓት ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ 25 ሰዓት። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2፡00 እስከ 4፡00 ብንጨምርበት 29 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ በላይ ያለው ወይ ከልጅ ነው ወይ ከእንቅልፍ።

29ኙም ቢሆን ሁሉ አይከፈልበትም። ዋጋ ማቅረብ፣ መልእክት መመለስ፣ ፋይል ማደራጀት፣ ማተሚያ ቤት ድረስ መሄድ፣ ያልከፈለን ደንበኛ መለመን አለ። በዚህ ሙያ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ጊዜ እንዲህ ያልቃል። እንግዲህ በሳምንት በእውነት የሚሸጡት 20 ሰዓት ገደማ ነው። ሃያ ብቻ። ይህን ቁጥር ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጣሉ። መደንገጥ አያስፈልግም፤ ዋጋ ማስተካከል ነው የሚያስፈልገው።

ለምሳሌ ቤትዎ ከእርስዎ ሥራ በወር 60,000 ብር ይፈልጋል እንበል። በዓመት 720,000 ብር ነው። ከ52ቱ ሳምንት አራቱን ለበዓልና ለሕመም ይተዉ። 48 ሳምንት በ20 ሰዓት ሲባዛ 960 ሰዓት ይመጣል። 720,000ውን ለ960 ሲያካፍሉት የአንድ ሰዓት ሥራዎ ዋጋ 750 ብር ነው። ይህም ግብር፣ ኢንተርኔት፣ የሶፍትዌር ክፍያና የኮምፒውተር ጥገና ሳይገባ ነው። ብዙ ፍሪላንሰር ግን ዋጋ የሚተምነው እንደ ቢሮ ሠራተኛ በወር 160 ሰዓት አስቦ ነው። 60,000 ለ160 ሲካፈል 375 ብር ይሆናል። ግማሽ ማለት ነው! በግማሽ ዋጋ የሸጠ ሰው የቀረውን ግማሽ ለማግኘት ሌሊት ይሠራል። የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር አላውቅም፤ ስሌቱን በራስዎ ወጪ ይሥሩት። በሰዓት ሳይሆን በሥራ የሚያስከፍሉ ከሆነም መንገዱ ያው ነው። አንድ ሎጎ ከነማስተካከያው 12 ሰዓት የሚፈጅብዎት ከሆነ በዚህ ስሌት ከ9,000 ብር በታች መሸጥ የለበትም።

አሁን ወደ ዋሽንግተኑ ደንበኛ እንምጣ። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ የአሜሪካ ግን ይለወጣል። ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በ7 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ በቀሩት ወራት በ8። እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ሲገቡ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ሠራተኛዋ ወጥታ፣ እራት ሊቀርብ ሲል ማለት ነው። ስልክዎ መጮህ የሚጀምረው ቤቱ እርስዎን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ልጅዎ «ሁሌ ስልክ ላይ ነሽ» ያለችው ለዚህ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስለሆነች ሲሠሩ አታይዎትም። እሷ የምታየው ከ10 ሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

የሰዓቱ ልዩነት ግን በትክክል ከተያዘ ለእርስዎ ይሠራል። ደንበኛው ሥራውን ጨርሶ ከቢሮ ሲወጣ ማስተካከያውን ይልካል፤ ያን ጊዜ እርስዎ ተኝተዋል። ጠዋት 2፡30 ይከፍቱታል። 9፡00 ላይ ሲልኩለት እሱ ጋ ገና ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ቢሮ ሲገባ ተሠርቶ ያገኘዋል። ይህንን እንደ አገልግሎትዎ ጥራት ይንገሩት፤ «ማታ የላኩልኝን ጠዋት ቢሮ ሳይገቡ ያገኙታል» ይበሉት። በምላሹ ከ9፡00 በኋላ የሚመጣ መልእክት በማግስቱ እንደሚታይ ይወቅ። በድምፅ መነጋገር ካስፈለገ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2፡00 ላይ ይሁን። እዚያ እኩለ ቀን ወይም ከሰዓት 7 ሰዓት ስለሚሆን ለእሱም አይከብደውም። የሐበሻ ደንበኛ ስለሆነ «አገር ቤት መሽቷል» ብሎ የሚራራ ይመስለን ይሆናል። ሥራ ሲበዛበት አይራራም፤ የራሱ ደንበኛ እፊቱ ተቀምጧል። አይፍረዱበት፤ ሰዓትዎን በግልጽ ይንገሩት።

የዱባዩ ችግር የለበትም። በአንድ ሰዓት ብቻ ይቀድሙናል፤ የጠዋት ሰዓትዎ ላይ ልክ ይገጥማል። ከታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ወዲህ ቅዳሜና እሁድን የሚዘጋ፣ ዓርብን ግማሽ ቀን የሚሠራ መሥሪያ ቤት እዚያ በዝቷል። የእርስዎም ደንበኛ እንዲያ ከሆነ የእሱን ሥራ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይጨርሱት።

የሚያሳስበኝ የአዲስ አበባው ነው። ከሁሉ ያነሰ የሚከፍል፣ ከሁሉ የበለጠ የሚደውል፣ እሁድ ሳይቀር «አንዲት ትንሽ ነገር ናት» የሚል ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የቅርቡ ነው። የእርስዎም እንዲህ መሆኑን ከመገመት ይለኩት። ለሁለት ሳምንት ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሠሩበትን ሰዓት ደብተር ላይ ይጻፉ። የስልክ ወሬውንና «ቀለሙን ትንሽ ደመቅ አድርጊው»ን ሁሉ ይጨምሩ። ከዚያ ከእሱ ያገኙትን ብር ለሰዓቱ ያካፍሉ። ብዙ ጊዜ ትልቁ የሚመስለው ደንበኛ በሰዓት ሲሰላ የመጨረሻው ሆኖ ይገኛል። ከአሁን በኋላ ለማንኛውም አዲስ ሥራ ግማሹን ቀብድ ይቀበሉ፤ ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ሦስተኛው በክፍያ። ይህ በጽሑፍ ይሁን፤ ቴሌግራም ላይም ቢሆን ይበቃል። እኛ አገር ከሚያውቁት ሰው ጋር በጽሑፍ መዋዋል እንደ አለማመን ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ሌሊትዎን የሚበላው ሳይወራ የቀረው ማስተካከያ ነው።

ሁለተኛው መስተካከል ያለበት ሐሳብ «ቤት ስለሆንኩ ከልጆቼ ጋር ነኝ» የሚለው ነው። ይህን እርስዎ በግልጽ አላሉትም፤ ግን ብዙ እናትና አባት ቢሮ የሚለቁት ለዚህ ብለው ነው። የ2 ዓመት ልጅ እየጠበቁ ዲዛይን መሥራት አይቻልም። ቢቻልም ሁለቱም ይበላሻሉ። ልጁ በየአምስት ደቂቃው ይጠራል፤ እርስዎም ሐሳብዎን በየአምስት ደቂቃው ከዜሮ ይጀምራሉ። ልጁ ነቅቶ እርስዎ እየሠሩ ከሆነ ኃላፊነቱን የያዘ ሌላ አዋቂ ሰው ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት። ያ ሰው አማትዎ ብቻ ከሆኑ ይጠንቀቁ። አያት ተረት ይነግራሉ፣ ያባብላሉ፣ ያጎርሳሉ። በዕድሜ የገፉ ሰው ግን የሚሮጥ ልጅ ቀኑን ሙሉ ማሳደድ አይችሉም። ደክሟቸውም ለምራት ለመናገር ያፍራሉ። ልጁን በሥራ ሰዓትዎ የምትይዘው ሠራተኛዋ ትሁን። ያ ማለት ከ2፡30 እስከ 6፡00 ልብስ አታጥብም፣ ወጥ አትሠራም ማለት ነው፤ ሁለቱንም መጠየቅ ልክ አይደለም። ምግቡ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ለሦስት ቀን ይሠራ፤ በረቡዕና በዓርብ ጾም ደግሞ ቀለል ያለ ይሁን። ወይም የሠራተኛዋን ክፍያና ሰዓት ይጨምሩ። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የምትቆይ ከሆነም በክፍያ ይሁን እንጂ በልመና አይያዟት።

ለልጅዎ የምመክረው ቀላል ነው። ከሰርቪስ ስትወርድ ጀምሮ አንድ ሰዓት ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ድምፁ ጠፍቶ ኪስዎ ውስጥ መሆኑ አይበቃም፤ ከዓይኗ ይራቅ። መክሰስ ትብላ፣ ቦርሳዋን ይዩላት፣ ቀኗን ታውራ። የ7 ዓመት ልጅ የምትፈልገው ቀኑን ሙሉ አጠገቧ መሆንዎን አይደለም፤ መቼ የእሷ እንደሚሆኑ ማወቅ ነው። ይህ ሰዓት ከሰኞ እስከ ዓርብ አይነካም፤ ዋሽንግተን ቢቃጠልም።

አማትዎና ጎረቤት «ሥራ የላትም» ማለታቸው ክፋት አይደለም። ሥራ ማለት ለእነሱ ጠዋት ለብሶ መውጣት ነው። እርስዎ ደግሞ በቤት ልብስ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ፣ በሩ ተከፍቶ ይሠራሉ። ከቤቱ አንድ ጥግ ይምረጡ፤ መኝታ ቤት ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ብትሆንም በሯ ይዘጋ። ጠዋት ይልበሱ። ቁም ነገሩ ግን መናገሩ ነው። «ሥራ አለብኝ» ማለት አይሰማም፤ ሰዓት ይጥሩ። «እማዬ፣ እስከ 6 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። ቡናውን በ10 ሰዓት እኔ ራሴ አፈላለሁ» ይበሏቸው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ጠዋት ከተፈላ የቀኑ ግማሽ ሄደ። መከልከል ግን አይገባም፤ የቤቱ ደስታ ነው። ሰዓቱን ማዛወር ይበቃል። በ10 ሰዓት ሲሆን ልጅዎም ትኖራለች፤ እርስዎም ሳይጣደፉ ይጠጣሉ። እድሩንና የሰፈሩን ለቅሶ በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ሲመጣ ይሄዳሉ፤ ለዚያ ቅዳሜ ጠዋት አለች።

ቅዳሜ ከ3፡00 እስከ 6፡00 ያለውን ሰዓት ለማንም አይሽጡ። መጠባበቂያ ነው። መብራት የሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት፣ ልጅ የሚያተኩስበት ሳምንት ይመጣል። መጠባበቂያ የሌለው ሰው ያን ሁሉ ከሌሊት ይከፍላል። ማስረከቢያ ቀን ሲሰጡም ሐሙስ እንደሚያልቅ ካሰቡ ዓርብ ይበሉ። ምንም ካልተፈጠረ ቅዳሜ ጠዋት የእርስዎ ናት፤ ፀጉር ቤት ይሂዱ።

ባለቤትዎን በሚመለከት ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ «ማታ 12፡30 ገደማ ይገባል»። ከገቡ በኋላስ? ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጆቹን ሙሉ በሙሉ እሳቸው ይረከቡ። እራት ማብላት፣ ማጠብ፣ ደብተር ማየት፣ ማስተኛት። «ፒጃማው የት ነው?» እያሉ በየመሐሉ በሩን የሚያንኳኩ ከሆነ ግን አልተረከቡም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጆቹ ዘግይተው ይተኛሉ፤ ትንሹም ያለቅሳል። አይውጡ። ይለምዱታል። እሁድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሃያ ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ። የሳምንቱን ማስረከቢያ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ክትባት፣ ሠርግ፣ የእሳቸውን የሥራ ጫና ዘርዝሩ። የጋራ ካላንደር በስልክ ቢሆን ጥሩ፤ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ይሠራል።

ካላንደር ካነሳን አይቀር ዓመቱንም ይዩት። የውጭ ደንበኞች ከታኅሣሥ 16 እስከ 23 ባለው ሳምንት ይቀዘቅዛሉ። የእኛ ገና ሲደርስ ደግሞ ወደ ሥራ ተመልሰዋል፤ የግብር ቢሮው እንዲያውም ከጥር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 7 ትንፋሽ አያገኝም፤ የአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ ጊዜ የሚያበቃው ያን ሰሞን ነውና። ፋሲካችንም እዚያው ይመጣል። ስለዚህ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚዘጉበትን ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት ያሳውቁ። የአዲስ አበባው ደንበኛ ደግሞ የእንቁጣጣሽ ፖስተሩን ጳጉሜን ላይ ከማምጣቱ በፊት በነሐሴ አጋማሽ ይጠይቁት።

አሁን ማስጠንቀቂያዎቹ። አንደኛ፣ የሌሊቱን ሥራ በቡና ብርታት አይቀጥሉት። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው አራት ሰዓት ብቻ ነው የሚተኛው። በዚያ ሁኔታ ሥራው ይዘገያል፤ ስህተቱም ይበዛል። ሁለተኛ፣ ጊዜ አግኝተውም እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ ያለ ምክንያት የሚያስለቅስዎት ከሆነ፣ ወይም የሚወዱት ነገር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ካስጠላዎት ይህ የሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ይዩ። ሦስተኛ፣ ሦስት ወር የሚያቆይ የቤት ወጪ ሳይቀመጥ ደንበኛ በስሜት አያባርሩ። በየሳምንቱ የሚከፈል ዕቁብ ውስጥ ካሉ ወደ ወርኃዊ ቢቀይሩት ይሻላል፤ የፍሪላንስ ገቢ በየሳምንቱ እኩል አይመጣም።

የዚህ ምክር ወሰንም ይታወቅ። ሠራተኛዋ ድንገት ብትሄድ፣ ወይም ሌላ ልጅ ቢወለድ 29ኙ ሰዓት ወደ 10 ይወርዳል፤ ምንም ዘዴ አያድነውም። ያኔ ሥራ መቀነስ ወይም ለሞግዚት መክፈል ነው። ባለቤትዎ ሁለቱን ማታ አልረከብም ካሉም ችግሩ ሌላ ነው፤ እሱን ቁጭ ብሎ መነጋገር ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው መሐል ማስገባት ይጠይቃል። ይህን በፕሮግራም ለመሸፈን አይሞክሩ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ከሰኞ ጀምረው ለሁለት ሳምንት ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ሌላ ምንም አይቀይሩ። በሁለተኛው እሁድ ከባለቤትዎ ጋር ቁጥሩን ይዩትና ማክሰኞንና ሐሙስን ይስማሙ። በማግስቱ ለሦስቱም ደንበኞች የሥራ ሰዓትዎን የሚገልጽ አጭር መልእክት ይላኩ፤ ይቅርታ አይጠይቁበት፣ ምክንያትም አይደርድሩ። ለሁሉም አዲስ ሥራ አዲሱን ዋጋ ይጥሩ። ከቅዳሜ 6 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ይዘጋ። ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ የተሠራበትን ቀን ሁሉ ካላንደሩ ላይ በቀይ ያክብቡ። በስድስተኛው ሳምንት ቀዩ በሳምንት ከአንድ በላይ ከሆነ በሰዓት ከሁሉ ያነሰ የሚከፍለውን ደንበኛ ይንገሩት፦ ወይ በአዲሱ ዋጋ ይቀጥላል፣ ወይ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ዲዛይነር ይፈልጋል።